የግራ እጅ ቁልፎች

ሐሙስ ጠዋት፣ ምንም ነገር ከመቀየሩ በፊት፣ በፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል ባለው ኮምፒዩተር አንድ የሠርግ ፎቶ አይቶ ለመወሰን የሚደረገው ይህ ነበር። በግራ አውራ ጣት ስፔስ የሚባለውን ረጅሙን ቁልፍ ሲጫኑት ፎቶው ተከፍቶ ስክሪኑን ይሞላል። በቀኝ እጅ ማውሱን ይዞ ፊቶቹን ማጉላትና ዐይኑን የጨፈነ ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ ይከተላል። ፎቶው ደኅና ከሆነ በግራ እጅ ኮንትሮልንና አንድ ቁጥርን አብሮ በመጫን ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ በቀኝ እጅ ቀስቷን ነክቶ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ሁለቱም እጁ ለሚታዘዝለት ሰው ይህ ሁሉ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። የሰገነት ቀኝ እጅ ግን ከአንጓው አይዞርም። ስለዚህ ግራ እጇ ከስፔስ ወደ ማውስ፣ ከማውስ ወደ ኮንትሮል፣ ከኮንትሮል ወደ ቀስት እያለ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ ይውላል። ማውሱን ወደ ግራ ማዛወርም አይቻልም። ጠረጴዛው በግራ በኩል ከማተሚያ ማሽኑ ጋር ተጣብቋል፤ ማተሚያ ማሽኑ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል፤ ክፍሏም እዚያ ላይ ታልቃለች።

ፎቶ ቤቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከታክሲ ማዞሪያው ወደ ላይ በሚወጣው አስፋልት ዳር ነው። ከፊት ሰማያዊ መጋረጃ የተሰቀለበት ፎቶ ማንሻ ክፍል አለ፤ በሩ ላይ «አራት ጉርድ ፎቶ 200 ብር፣ ወዲያው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወዲያው የሚባለው መብራት ሲኖር ነው። ከኋላው ሰገነት የምትሠራበት ጠባብ ክፍል፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ በኮምፔንሳቶ ብቻ የተለየ ማጀት አለ። ማጀቱ የናዝሬት ነው። ናዝሬት የሰገነት ታላቅ እኅት ናት፤ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጸሐዬ ደግሞ የናዝሬት ባል። ናዝሬት በቅርብ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በየቀኑ ምሳ አብስላ ትልካለች፤ ሥራው ከአንድ ሰው ጉልበት በላይ ሆኗል፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ኮምፔንሳቶ ሽታም ወሬም አይከለክልም። ሰገነት ሽንኩርቱ መቼ እንደሚቁላላ፣ ባልና ሚስቱም ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ሳትፈልግ ታውቃለች። ሐሙስ ጠዋትም ሳትፈልግ ሰማች።

«ከነገ ጀምሮ ኮምፒዩተሩ ላይ ዮፍታሔ ይቀመጥ» አለ ጸሐዬ፤ አፉ ውስጥ ዳቦ ነበረበት። «አንድ ሠርግ ለማየት ሁለት ቀን እየፈጀ አይሆንም። እሷ እዚህ አንቺን ታግዝሽ።»

ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ተሰማ።

«ሻይህ ቀዝቅዟል፤ ላሙቅልህ?» አለች ናዝሬት።

ሰገነት እኅቷን ለሠላሳ አራት ዓመት ስለምታውቃት ይህ እሺ ማለት እንደሆነ ገባት። ናዝሬት እምቢ ማለት ስትፈልግ እምቢ ትላለች፤ እሺ ማለት ስትፈልግ ሌላ ነገር ታነሣለች። ነገሩ ለሰገነት ከማጀትና ከኮምፒዩተር ምርጫ በላይ ነበር። እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሠራተኛ ናት፤ ኮምፔንሳቶውን አልፋ ስትገባ የሚስት እኅት ትሆናለች። ለሠራተኛ ደመወዝ ይከፈላል። ለሚስት እኅት ምግብና መኝታ ይሰጣል፤ ዓመት በዓል ሲመጣም ጫማ ይገዛል። ከወንበሩ ወደ ማጀት የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አልታየም፤ ከእሷ በፊት የጸሐዬ የአክስት ልጅ ነበረች፤ እሷም እንዲሁ ለጥቂት ቀን ተብላ ገብታ የወጣችው ስታገባ ነው።

እጇ የተሰበረው በክረምት፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ፣ ዝናብ ያራሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አንሸራቷት ነው። ሐኪም ቤት ልትሄድ ተነሥታ ነበር። ናዝሬት ግን ሐኪም ቤት በጄሶ ደፍነው እጅ ያደርቃሉ ብላ ከላይ ሰፈር አንድ ወጌሻ ዘንድ ወሰደቻት። ወጌሻው በቅቤ አሸ፤ አጥንቱን ስቦ በቀርከሃ አሰረ። እጁ በደንብ ገጠመ፤ በጣም ጠንካራ ነው፤ የገጠመው ግን ጠምሞ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ወጌሻ የሚለውን ቃል አፉ ላይ ያመጣ ሰው የለም። ጎረቤት እግሩን ወለም ሲለው እንኳ ናዝሬት ተነሥታ ትወጣለች። ሰገነትም እጇ ያልዳነ መሆኑን ተናግራ አታውቅም፤ ብትናገር የማን ጥፋት እንደሆነ የተናገረች ስለሚመስል። ስለዚህ ጸሐዬ በቅን ልቡናው የሚያየው ዘገምተኛ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ፎቶ ማያውን ፕሮግራም ከፈተች። ከላይ ካሉት ጽሑፎች የመጨረሻው ማስተካከያዎቹ ያሉበት ነው፤ ሦስት ዓመት በዚህ ፕሮግራም ስትሠራ እዚያ ገብታ የምታውቀው የቋንቋ ቅንብሩ የተበላሸ ጊዜ ብቻ ነው። ውስጡ የአቋራጭ ቁልፎች ገጽ አለ። በግራ በኩል ሥራዎቹ ተደርድረዋል፦ ክፈት፣ ዝጋ፣ ቀጥል፣ ተመለስ፣ አጉላ፣ ምልክት አድርግ። በቀኝ በኩል እያንዳንዱን የሚያሠራው ቁልፍ ተጽፏል። ቁልፉ ላይ ጠቅ ሲያደርጉት አዲስ ቁልፍ እንዲጫኑለት ይጠብቃል። ሰገነት ለመክፈት የተመደበውን ስፔስ ነካችና ኤፍን ተጫነች። ፕሮግራሙ ይህ ቁልፍ ሌላ ሥራ አለው፣ ይቀየር ወይ ብሎ ጠየቃት። ይቀየር አለች። ከዚያ በፊት በዚህ ቤት አንድ ነገር ይቀየር ወይ ብሎ የጠየቃት እንዳልነበረ አላሰበችም፤ የምታስበው ስለ ጣቶቿ ነበር።

ግራ እጇን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈችና እያንዳንዱ ጣት ሳይነሣ የሚደርስበትን አየች። መጀመሪያ መቀጠልንና ምልክት ማድረግን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከሌላ ሠርግ የቀረ ፎልደር ላይ ስትሞክረው ጣቷ እየሳተ ያለፈችውን ሁሉ መረጠ፤ አንድ ኬክ የሚቆርስ ቢላዋ ብቻ የሚታይበት ፎቶም ተመረጠ። ምልክት ማድረግ ውሳኔ ስለሆነ ራቅ ማለት አለበት ብላ ለትንሿ ጣት ሰጠችው፤ ትንሿ ጣት ሰነፍ ናት፣ ሳያስቧት አትጫንም። ማጉላት ብዙ ጊዜ የሚፈለግ ነውና ለጠቋሚዋ ጣት ጎረቤት ሆነ። መቀጠል ለመሐል ጣት፣ መመለስ ለቀለበት ጣት ደረሱ። ሁሉም ሲያልቅ ግራ እጇ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ አንድ ፎቶ መክፈት፣ ዐይን ማጉላት፣ መምረጥና ማለፍ ቻለች። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተቀምጧል። ፎቶዎቹ በታክሲ መስኮት እንደሚታይ መንገድ ያልፉ ጀመር። ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን አላመማትም።

በዚህ መሐል ዮፍታሔ ገባ። ዮፍታሔ የጸሐዬ ካሜራ ረዳት ነው፤ ኮሌጅ ገብቶ ቪዲዮ ተምሯል፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ለከሰዓቱ ደንበኞች ፎልደሩ ላይ የሙሽሮቹን ስም በአማርኛ ልጻፍ፤ ደንበኞቹ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል ብለዋል ጋሽ ጸሐዬ አላት። ተነሣችለት። ቆሞ «ኤልቃና እና ኡርጂ» ብሎ ጻፈና ወጣ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ላለመቀመጥ ተጠንቅቆ ነበር፤ ይህን ልብ አለች። ከዚያ ሄዳ ጸሐዬን ጠራችው፤ አንድ ነገር ላሳይህ አለችው። ጸሐዬ እጁን በሱሪው ጠርጎ መጣና ከኋላዋ ቆመ። አዲሶቹን ቁልፎች ነገረችው፤ ኤፍን ተጫነች። ምንም አልተከፈተም። ደገመች። ቀጥልን ተጫነች፤ አልቀጠለም። ጸሐዬ ስክሪኑን፣ ከዚያ ግራ እጇን፣ ከዚያ እንደገና ስክሪኑን አየ።

«ሰጊ፣ የሚሠራ ነገር ለምን ትነኪያለሽ?» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ አስቀድሞ የወሰነ ሰው አይቆጣም። «በነበረበት መልሺው። ሰዎቹ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።»

ፊት ለፊት ክፍል አንዲት ተማሪ ጉርድ ፎቶ ፈልጋ ስለተጣራች ሄደ። ሰገነት ወደ ማስተካከያው ገጽ ተመልሳ አንድ በአንድ አየች፤ ያስቀመጠቻቸው ሁሉ እንዳሉ ናቸው። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ ቁልፎቹ ጋ ሳይሆን ቁልፎቹን የሚሰማው ጋ ነው ብላ አሰበች። ባዶ ጽሑፍ መጻፊያ ከፍታ ኤፍን ተጫነች። ፍ ተጻፈ። የስክሪኑ የታችኛው ጥግ ላይ ትንሽ አ ተቀምጣለች። ዮፍታሔ የሙሽሮቹን ስም የጻፈበትን አማርኛ ሳይዘጋው ነው የሄደው፤ ፕሮግራሙ ኤፍን ይጠብቃል፣ የሚደርሰው ግን ፍ ነው። አማርኛውን ዘጋችው። ፎቶው ተከፈተ። ጸሐዬን መልሳ አልጠራችውም፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ላሳይህ የሚባል ሰው አይደለም። ቁልፎቹንም በነበሩበት አልመለሰችም።

ምሳ የተበላው ግቢው ውስጥ፣ ጥላው ያለበት ጥግ ነው። ጸሐዬ፣ ናዝሬትና ዮፍታሔ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ለሰገነት ናዝሬት በሳህን ለብቻ አቅርባላታለች፤ በግራ እጅ ከሰው ጋር ትሪ ላይ አይበላም። ሳህኑ ከትሪው የተሻለ ወጥ አለው፤ ናዝሬት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው። ጸሐዬ ስለ ከሰዓቱ ሥራ አወራ። የሙሽራው ወገን ከአያት ሰፈር፣ የሙሽራዋ ወገን ከእንጦጦ ነው፤ አልበሙ ሁለት መቶ ፎቶ ይይዛል፤ የተነሣው ከሦስት ሺህ ይበልጣል። ጭቅጭቅ እንዳለ ከወዲሁ ይታወቃል። ባለፈው ወር አንድ ሠርግ ላይ ሁለት አማቾች የማን እናት ፎቶ ሽፋን ላይ ይውጣ ብለው ተጣልተው ገላጋይ የሆነው እሱ ነበር። ጸሐዬ ሲነሣ ናዝሬትም ሳህኖቹን ይዛ ተከተለችው። ዮፍታሔ ትንሽ ቆየ።

«ሰጊ፣ ነግረውሻል?» አለ።

«ምኑን?»

ዮፍታሔ የጫማውን ክር አየ። «እኔ አልጠየቅኩም» አለ። «እኔ ካሜራ ነው የምወደው። ወንበር ላይ እንቅልፌ ይመጣል።»

«አውቃለሁ» አለች ሰገነት።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ለይኩን፣ የሙሽራው የኤልቃና አባት፣ ከአያት በባቡርና በሁለት ታክሲ እንደመጡ እየተናገሩ ገቡ። መሥሪያ ቤት የኖሩ፣ ጃኬታቸው ኪስ ላይ እስክሪብቶ የሚሰኩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሣራ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ስላላቸው አልመጡም። የሙሽራዋ የኡርጂ አባት አቶ ዱሬሳ ግን ከእንጦጦ በእግራቸው ወርደው ቀድመው ደርሰው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ግቡ እስኪባሉ ጠብቀዋል። ሁለቱ አማቾች ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ ተሳሳሙ፤ የልጆቹን ደኅንነት፣ የከብቱን ደኅንነት፣ የኮንዶሚኒየሙን ውኃ ጠያየቁ። ውኃው በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው። ከብቱ ደኅና ነው። ከዚያ ጸሐዬ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ከሰገነት ግራና ቀኝ ማስቀመጥ ፈለገ፤ በግራ ማተሚያ ማሽኑ ስላለ ሁለቱም በቀኟ ተቀመጡ፤ አቶ ዱሬሳ ቅርብ፣ አቶ ለይኩን ቀጥሎ። ጸሐዬና ዮፍታሔ በሩ ላይ ቆሙ።

የቤቱ ደንብ የታወቀ ነው። ፎቶው ይከፈታል፤ ቤተሰቡ ይግባ ወይም ይለፍ ይላል። በፊት በአንዱና በሚቀጥለው መካከል የሰገነት እጅ ወዲያ ወዲህ እስኪል ድረስ ሰው የድሮ ቂሙን የሚያስታውስበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ጊዜው ጠፋ። ፎቶው ይከፈታል፣ አቶ ለይኩን ይግባ ይላሉ፣ ትንሿ ጣት ትጫናለች፣ ይለፍ ይላሉ፣ መሐል ጣት ትጫናለች። አዳራሹ፣ መዘምራኑ፣ ኬኩ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች በየተራ አለፉ። ጭቅጭቅ አልተነሣም። ሰገነት ከጀርባዋ ጸሐዬ እግሩን ሲቀይር ሰማች፤ ከዚያ ለዮፍታሔ ቀስ ብሎ «ምን አድርጋው ነው?» ሲለው ሰማች። ዮፍታሔ ሳቀና «ግራኝ አድርጋዋለች» አለው። ሰገነት አልዞረችም። በዚህ አካሄድ ከመምሸቱ በፊት እንደሚያልቅ፣ ካለቀ ደግሞ ጸሐዬ ነገ ስለ ማጀት የሚለው ነገር እንደማይኖረው አሰላች። ጸሐዬ ፍትሕ አያሳስበውም፤ ሰዓት ግን ያሳስበዋል።

አቶ ዱሬሳ ዝም ብለው አልነበረም። በእያንዳንዱ ፎቶ አፋቸውን ይከፍታሉ። እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው «ይሄ በዳሳ ነው፤ ድንኳኑን የተከለው…» ሲሉ አቶ ለይኩን ይለፍ ብለዋል፣ በዳሳም ሄዷል። «ይቺ ደግሞ…» ሲሉ እሷም ሄዳለች። ሽማግሌው ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ ጭናቸው ይመልሱና ለሚቀጥለው ያዘጋጁታል። ከፕሮግራሙ ግርጌ የታዩትና የተመረጡት ቁጥር ይነበባል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባት መቶ ሃያ ታይቶ ስልሳ አንዱ ተመርጧል። ሰገነት የተመረጡትን በትንንሹ ደርድራ በዐይኗ ቆጠረቻቸው። ከስልሳ አንዱ የእንጦጦው ድንኳን ያለባቸው ሦስት ናቸው፤ በሁለቱ ላይ አቶ ለይኩን ራሳቸው አሉ።

እጇን ከቁልፎቹ አነሣች።

«አባባ፣ ሊሉ የፈለጉት ነገር አለ?» አለቻቸው።

አቶ ዱሬሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነቀፋ እንዳይመስልባቸው መጀመሪያ ሥራዋን አመሰገኑ፤ እጇ ፈጣን እንደሆነ፣ ኮምፒዩተሩም ጥሩ እንደሆነ ተናገሩ። አማቻቸውንም አመሰገኑ። ከዚያ በዝግታ፦ «ሰው ስሙ ሳይጠራ ይለፍ አይባልም፣ ልጄ» አሉ። «ይግባ ቢሉትም ባይሉትም፣ መጀመሪያ ስሙ ይጠራል። እነዚህ ሰዎች ተራራው ላይ ይጠይቁኛል። አየኸኝ ወይ ይሉኛል። አላየሁህም ልላቸው ነው?»

አቶ ለይኩን እንዲህ ከሆነማ ለፋሲካም እዚሁ ነን አሉና ሳቁ። ሌላ ሰው አልሳቀም። ጸሐዬ ከበሩ ላይ፣ ሰዓቱ እንዳይሄድ፣ አባባ የሚፈልጉትን ሲያዩ ቶሎ ይግባ ብቻ ቢሉ ይበቃል አለ። አቶ ዱሬሳ እሺ አሉ። የሚቀጥለው ሲከፈት ቶሎ ለማለት ሞከሩ፤ ስሙ ቀደመባቸው፤ ይግባ ያሉት የሚቀጥለው ፎቶ ላይ ሆነ፤ የተመረጠው ባዶ የለስላሳ ሳጥን ነበር።

ሰገነት ማድረግ የምትችላቸው ነገሮች ሁለት እንደሆኑ አየች። እንደ ጀመረችው መቀጠል ትችላለች፤ ያን ጊዜ ከመምሸቱ በፊት ይጨርሳሉ። ሁለተኛው ግን የማስተካከያውን ገጽ መክፈት ነበር። ከፈተችው። ጸሐዬ ከኋላ «አሁን ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ። መቀጠልን ከመሐል ጣቷ አንሥታ በኪቦርዱ ቀኝ ጫፍ ላለው ትልቁ ቁልፍ፣ ለኢንተር ሰጠችው። ፕሮግራሙ ይቀየር ወይ አለ። ይቀየር አለች። ልማድ እንዳያታልላት ብላ ከራሷ ጣት ሙሉ በሙሉ አጠፋችው፤ ከአሁን በኋላ በግራ እጇ መክፈት፣ ማጉላት፣ መመለስና ምልክት ማድረግ ትችላለች፤ ማለፍ አትችልም። ከዚያ ኪቦርዱን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋችው።

«አባባ፣ ይቺ የእርስዎ ናት» አለች። «እርስዎ ካልነኳት ማንም አያልፍም።»

አቶ ዱሬሳ ቁልፏን አዩዋት፤ አማቻቸውን አዩ፤ ጠቋሚ ጣታቸውን አጥፈው በአንጓው፣ የሰው በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ አንዴ ነኩ። ፎቶው አለፈ። የባለሙያ ሥራ እንደሠራ ሰው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ከዚያ የሚቀጥለው ላይ ቆሙ። በዳሳ ነበር። በዳሳ ድንኳኑን እንዴት እንደተከለ፣ የቋሚውን ባሕር ዛፍ ከማን መሬት እንደቆረጠ፣ ነፋሱ ማታ ሲያነሣው እንዴት ገመዱን ይዞ እንዳደረ ነገሩ። ይግባ አሉ። ትንሿ ጣት ተጫነች። ሽማግሌው አንኳኩ። ቀጥሎ ከድንኳኑ ዳር ቆማ ጀርባዋ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት መጣች። አቶ ለይኩን ይህቺ እንኳ መንገደኛ ናት፣ ትለፍ አሉ። ድንቄ ትባላለች አሉ አቶ ዱሬሳ፤ እንጨቷን ለመሸጥ ወደ ከተማ ልትወርድ ስትል የሠርጉ እንጨት ማለቁን ሰምታ ሸክሟን እንዳለ ያወረደችው እዚህ ነው፤ ይህ ፎቶ ከማውረዷ በፊት ነው። አቶ ለይኩን እስክሪብቷቸውን ነኩ። ትግባ አሉ።

ከዚያ መዘምራኑና አዳራሹ ተመለሱ፤ አቶ ዱሬሳ ቁልፏን አልነኩም። ወደ አማቻቸው ዞረው ጠበቁ። ይሄ ማነው ብለው አልጠየቁም፤ ዝም ብለው ጠበቁ። አቶ ለይኩን ይሄ ከመሥሪያ ቤት ነው አሉ። አቶ ዱሬሳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጣታቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። አቶ ለይኩን ትንሽ አሰቡና ስልካቸውን አውጥተው ወይዘሮ ሣራ ጋ ደወሉ። በቀኝ በኩል ረዘም ያለው፣ ከረባቱ ቢጫ የሆነው ማን ነበር ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሣራ ከጸሎቱ ወጥተው ነገሯቸው። የሚቀጥለውንም፣ ከሚቀጥለው ቀጥሎ ያለውንም ጠየቁ። በአራተኛው ላይ ወይዘሮ ሣራ ከእንግዲህ ስልኩን አልዘጋም፣ ዝም ብለህ አጠገብህ አስቀምጠው አሏቸው። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ጠረጴዛው ላይ፣ የሰገነት ቀኝ እጅ አጠገብ ተቀመጠ። እንደዚህ ሆኖ አቶ ለይኩን በገዛ ልጃቸው ሠርግ ላይ ከነበሩት የአያት እንግዶች የማንን ስም እንደሚያውቁ ተለየ። ብዙ አልነበረም። እያንዳንዱ ስም ሲነገራቸው «እሱ ነው እንዴ!» ይሉ ነበር፤ ከዚያ እሱ ከነማን ጋር እንደተማረ ያስታውሱና ለአቶ ዱሬሳ ይነግሯቸዋል፤ አቶ ዱሬሳም እግዜር ይስጠው ብለው ያንኳኳሉ።

ዮፍታሔ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠና እውነቱን እንደተናገረ ሳይቆይ አንቀላፋ። ጸሐዬ ወደ ፊት ክፍል እየሄደ ይመለሳል። አሥር ሰዓት ላይ ከግርጌ የሚነበበው ቁጥር ሰባት መቶ ዘጠና ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ሰባት መቶ ሃያ ነበር። ሰገነት ጸሐዬ ቁጥሩን እንዳነበበው ከትንፋሹ አወቀች። ግራ እጇ ቦታው ላይ እንዳለ፣ ዐይን የጨፈነውን እያጎላች፣ ይግባ ሲባል እየተጫነች ቀጠለች። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ማጀቱ ጸጥ ብሏል፤ ናዝሬት ምስር እየለቀመች ይሁን እየሰማች አይታወቅም።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ አቶ ዱሬሳ ተነሡ። ሳይጨልም ዳገቱን መውጣት አለባቸው። የታየው ከሩቡ ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ የተመረጠው ግን መቶ ሰማንያ ደርሷል፤ አልበሙ ደግሞ ሁለት መቶ ይይዛል። ጸሐዬ ይህን በትሕትና አስረዳቸው። ሁለቱ አማቾች ተያዩ። እንግዲህ ይጣላሉ ብሎ ዮፍታሔ እንኳ ነቃ። አቶ ለይኩን፣ ማንንም ማውጣት አይቻልም፣ ስማቸው ተጠርቷል አሉ። ስለዚህ ሁለት አልበም ይሁን፣ አንዱ ለአያት አንዱ ለእንጦጦ አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክም ይሁን አለ። ጸሐዬ ሁለት አልበም በአንድ ሠርግ ሸጦ አያውቅም። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ለማስተካከል ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ቀሪውን ነገ ጠዋት እንጨርሳለን፣ ይህ ልጅ ዮፍታሔ ይጠብቃችኋል፣ እሱ ተምሮበታል አለ።

«አይሆንም» አሉ አቶ ዱሬሳ። እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ፣ ቁልፋቸው አጠገብ አድርገው ነበር። «ጅምሩ ከእሷ ጋር ነው። ጅምር ሰው አይቀያየርበትም። እሷ በዚህ ናት፣ እኔ በዚህ ነኝ።»

ጸሐዬ ወደ ሰገነት ዞረ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሳይሆን ጭኗ ላይ የተቀመጠውን ቀኝ እጇን አየ፤ እንደ ደረሰበት ኪሳራ ሳይሆን፣ ሲያልፍበት ኖሮ እንዳላየው የበር ደረጃ። ይዞራል ወይ ብሎ ጠየቀ። አይዞርም አለች። ከመቼ ጀምሮ አለ። ከክረምት አለች። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የድስት ክዳን ወደቀ።

ማታ በራት ላይ ጸሐዬ ነገ ሰገነት እዚያው ናት አለ። ናዝሬት እስከ ስንት ሰዓት ብላ ጠየቀች። እስኪጨርሱ አለ። ስንት ቀረ አለች። ሁለት ሺህ ምናምን አለ፤ ሽማግሌው ስም ይጠራሉ። ናዝሬት እንጀራውን ቆርሳ ያዘች፤ አልጎረሰችውም። ሌላ ነገር ታነሣለች ብላ ሰገነት ጠበቀች፤ አላነሣችም።

«ወጌሻው ጋ የወሰድኩሽ እኔ ነኝ» አለች ናዝሬት።

ሰገነት አዎ አለች። ጸሐዬ ጨው አቀብሉኝ አለ፤ ተቀበለ። ከዚያ ሁሉም በላ።

ዐርብ አቶ ዱሬሳ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሱ፤ አቶ ለይኩን ከባለቤታቸው ጋር ተከትለው መጡ፤ ሰገነትም እንደ ትናንቱ በግራቸው ተቀመጠች። እስከ ምሳ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ፎቶ አዩ። ናዝሬት ሽንኩርቱንም ምስሩንም ለብቻዋ ሠራች፤ ኮምፔንሳቶውን አንኳኩታ ማንንም አልጠራችም። ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት የነበረበት የመሥሪያ ቤቱ ምሳ በአርባ ደቂቃ ዘግይቶ ወጣ።